በባቡር የተፆመ ፍልሰታ

አገርነሽ አለበል ባሕር ዳር የገባችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከአንበሳሜ በተነሣ የጭነት መኪና ላይ በኑግ ጆንያዎች መሀል ተቀምጣ ነው። አብራት የመጣችው አክስቷ ገበያዋን ጨርሳ ስትመለስ እሷ አልተመለሰችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሴት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ከበሩ ላይ ተሰልፋ ነበር። ቀጣሪው እጇን ገልብጦ አየና «ይህ ጣት ክር አይበጥስም» ብሎ ፈትል ክፍል አስገባት። አባቷ በሦስተኛው ቀን ሊወስዷት መጡ። በማሽኑ ጩኸት መሀል ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቃ አዩዋት። «እንግዲያስ በርቺ» ብለው ተመለሱ።

ባሏን ደሞዝን ያገኘችው ሐይቁ ላይ ነው። የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ለት የፋብሪካው ሴቶች ለንግሥ ወደ ዘጌ ሲሄዱ የጀልባዋ ሞተር ከሐይቁ መሀል ቀጥ አለ። እልል ሲሉ የነበሩት ሴቶች እግዚኦ ማለት ጀመሩ። ከታች ከሞተሩ ክፍል ፊቱ በግራሶ የተለቀለቀ ጎረምሳ ብቅ ብሎ «የነዳጅ ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ማሰሪያ የሚሆን ነገር የያዘ አለ?» አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አገርነሽ መቀነቷን ፈትታ ወረወረችለት። ጀልባዋም ዘጌ ገባች። ደሞዝ የዓባይ ማዶ ልጅ፣ የጀልባ መካኒክ ነው። መቀነቱን ልመልስ እያለ ሦስት ወር ከፋብሪካው በር ተመላለሰ፤ አንድም ቀን ግን ይዞት አልመጣም። እንዴት ተጋባችሁ ብለው ሲጠይቋት «መቀነቴን በልቶ ራሱን አመጣልኝ» ትላለች።

አምባቸውን ወለዱ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ውዴን። ውዴን እርጉዝ ሳለች የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፋብሪካው ድረስ መጣ። አገርነሽ ከፈረቃ ስትወጣ፣ ጆሮዋ ገና ከማሽኑ ጩኸት ሳይመለስ፣ መጋዘን ውስጥ ከክር ድውር ሳጥን ላይ ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን፣ ሳታነብ አታልፍም።

በ1978 መግቢያ ላይ ደሞዝ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላከ። የደረሰው ድሬስደን የምትባል ከተማ ነው። መሀሏን በሚያልፈው ወንዝ መንገደኛ የሚያመላልሱ መርከቦች ስላሉ፣ የሞተር ጥገና የሚማረው እነሱ ላይ ነበር። በየወሩ ይጽፋል። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ የደረሳት ደብዳቤ ግን እንደሌሎቹ አልነበረም።

«ትምህርታቸውን የሚጨርሱ ሰዎች በክረምት ቤተሰብ መጋበዝ ይችላሉ ተብሏል። ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ፕራግንና ቡዳፔስትን በባቡር አሳይሻለሁ። አምስት ቀን ይበቃናል። ቤቶቹ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሳይፈርሱ የቆሙ ናቸው» ይላል።

አገርነሽ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብባ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ከዚያ አራት ወር የወረቀት ሩጫ ሆነ፤ ከቀበሌ ወደ ሠራተኛ ማኅበር፣ ከሠራተኛ ማኅበር ወደ ክፍለ ሀገር። በመጨረሻ ከአንድ ቢሮ ያገኘችው ሹም ማመልከቻዋን ገልጦ አየና «ሁለቱም ልጆች አይሄዱም፤ አንዱ ይቀራል» አላት።

«ለምን ጌታዬ?»

«እንድትመለሽ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ዋስም ያስፈልጋል ተባለ። የፈረቃ አለቃዋ አቶ አካሉ የስድስት ልጆች አባት ናቸው፤ ነገር የማያበዙ ሰው። ወረቀቱን ይዛ ሄዳ ከፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ አካሉ፣ እኔ ባልመለስ የሚይዙት እርስዎን ነው። ይህን ሳልነግርዎ አላስፈርምም።»

አቶ አካሉ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ስንት ዓመት ሆነሽ እዚህ?»

«አሥራ ስምንት።»

«ስንት ቀን ቀረሽ?»

«አልቀረሁም።»

«እንግዲያው ምን ታደርቂኛለሽ?» ብለው ፈረሙ።

አምባቸውን አንበሳሜ እናቷ ዘንድ ወሰደችው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበርና አላለቀሰም። ብቻ መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ተንጠልጥሎ «እማ፣ ባቡር ስንት ጎማ እንዳለው ቁጠሪልኝ፤ ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ» አላት። እሷ ግን እስከ ባሕር ዳር አለቀሰች።

ደሞዝ በርሊን አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀበላቸው ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ግራጫ ካፖርት ለብሶ ነበር። በሰው ፊት አቅፎ ሲስማት እፍረት ያዛት፤ ውዴም ሰውየውን ስላላወቀችው ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። ድሬስደን ሲደርሱ ከክፍሉ ጠረጴዛ ላይ እንቁላል፣ ቅቤና ቋሊማ ደርድሮ ሄዶ ነበር። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ፣ ድንቹን ራሱ ቀቅሎ ነው ሊቀበላቸው የሄደው። አገርነሽ ማዕዱን አየችና ከበሩ ላይ ቆመች።

«ምነው?» አላት።

«ደሞዜ፣ ፍልሰታ እኮ ነው።»

ደሞዝ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ፍልሰታ መግባቱንም አላወቀም። «እኔ እዚህ መፆሙን ትቻለሁ» አለ ዓይኑን ከመሬት ተክሎ።

«ግድ የለም፤ ለሁለታችን እፆማለሁ» አለችና ሻንጣዋን ከፍታ በሶዋን አወጣች። ከባሕር ዳር አምስት ኪሎ በሶ፣ ሽሮና ቆሎ ይዛ ነበር። በዚያች ከተማ የነበረችባቸውን ቀኖች ሁሉ፣ የሰንበቱን ሳይጨምር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይና በሶዋን በጥብጣ ትጠጣለች። ደሞዝም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እንቁላሉን ለውዴ እየሰጠ እሱ ድንች ብቻ መብላት ጀመረ። አገርነሽ አየች።

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስቱም ወደ ፕራግ የሚሄደውን ባቡር ተሳፈሩ። የሦስቱም ፓስፖርት በደሞዝ የደረት ኪስ ነው። ባቡሩ ወንዙን በስተግራ አድርጎ ረጃጅም የድንጋይ ገደሎች ሥር ለሥር ይጓዛል። ውዴ መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች። ወንዙን አገርነሽም ወደደችው።

«ስሙ ማነው?»

«ኤልባ።»

«ዓሣ አለው?»

«ድሮ ነበረው ይላሉ።»

«እንዲህ ያለ ውኃ ያለ ዓሣ ምን ያደርጋል?» ብላ አዘነችለት።

ከድንበሩ አለፍ ብላ ባለች ጣቢያ ባቡሩ ቆመ። ጉምሩኮች ገብተው ሻንጣ ማስከፈት ጀመሩ። አንዱ ወፍራም መኮንን የአገርነሽን የጨርቅ ከረጢት ፈታና ጣቱን በሶው ውስጥ ነከረ። አሸተተው። ባልደረባውን ጠራና እሱም አሸተተው። ደሞዝ በጀርመንኛ «ገብስ ነው፣ የተቆላ ገብስ፣ ምግብ ነው» ቢል የሚሰማው አጣ። ከረጢቱንም ደሞዝንም ይዘው ወደ መጨረሻው ፉርጎ ሄዱ። ደሞዝ ሲወጣ ዞሮ «እዚሁ ጠብቁኝ፤ አሁን እመለሳለሁ» አለ።

እሱ እንደ ወጣ ውዴ እግሮቿን ታቆላልፍ ጀመር። «እማ፣ ሽንቴ መጣ።» አገርነሽ ወደ ባቡሩ ሽንት ቤት ወሰደቻት፤ ተቆልፏል። ባቡር ከጣቢያ ሲቆም ሽንት ቤቱ እንደሚቆለፍ በምን ታውቅ? በመስኮት ስታይ የሴት ሥዕል የተለጠፈበት በር ከጣቢያው ግንብ ላይ ታያት። ልጅቷን ብድግ አድርጋ ወረደች፤ ገቡ። ሲወጡ ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

አገርነሽ ሮጠች። ነጠላዋ ተጎተተ፣ ጫማዋ ወለቀ። እጇን ዘርግታ «ቁም! ቁም እንጂ!» ብትል ባቡር እንደ አህያ አይቆምም። ውዴ ካለችበት ሳትነቃነቅ በጣቷ እየጠቆመች «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት...» ትላለች። ጎማ እየቆጠረች ኖሯል ለወንድሟ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ አገርነሽ በመስኮቱ ደሞዝን አየችው፤ ሁለት መኮንኖች ግራና ቀኝ ቆመውበት በሶውን እያሳያቸው ይቅም ነበር። እሱ አላያትም።

ባቡሩ ከዓይን ሲጠፋ መድረኩ ላይ ቀሩ፤ ፓስፖርት የለ፣ ሻንጣ የለ፣ ቋንቋ የለ። አገርነሽ ጫማዋን ለቅማ አደረገች። ልጅቷ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና «አባትሽ ይመጣል፤ እንቀመጥ» አለች።

አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች፣ ፊሽካ ከአንገቷ የተንጠለጠለ፣ ደልደል ያለች ሴትዮ መጥታ አናገረቻት። የጣቢያው ተቆጣጣሪ ናት። አገርነሽ ባቡሩ የሄደበትን አቅጣጫ ጠቁማ «ደሞዝ» አለች፤ የጋብቻ ቀለበቷን አሳይታ ደግማ «ደሞዝ» አለች። ፖሊስም መጣ። «ፓስፖርት» የሚለው ቃል በየትም አገር አንድ ነውና ገባት፤ ለእሱም መልሷ «ደሞዝ» ነበር። ፖሊሱ ምናልባት የአገሯ ስም መስሎት ይሆናል፣ ከወረቀቱ ላይ ጻፈው። ሊወስዳት ክንዷን ሲይዝ ሴትዮዋ እጁን ገፋችና ምን እንዳለችው እንጃ፣ ፊቱ ቀልቶ ከበሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሴትዮዋ እናትና ልጅን ወደ ቢሮዋ አስገብታ ስልክ መደወል ያዘች።

ለምሳ ዳቦ በሥጋ አቀረበችላቸው። አገርነሽ ደረቷን በእጇ ነክታ ራሷን ነቀነቀች። ወተት ሰጠቻት፤ ይህንንም አልጠጣችም። የሰጋች መስሏት ሴትዮዋ ራሷ ከወተቱ ፉት ብላ አሳየቻት። አገርነሽ ሳቀች፤ ዳቦውን ከሥጋው ለይታ ከወተቱ ጋር ለውዴ ሰጠቻትና ለራሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣቷ ጠቆመች፤ «ያች ትንሿ ቀስት እዚህ ስትደርስ» ለማለት። ሴትዮዋ ትከሻዋን ነቅንቃ ወጣች። ስትመለስ ከጣቢያው ጓሮ የለቀመችውን ወይንማ ቀለም ያለው ፕሪም በባልዲ ይዛ ነበር። ከአገርነሽ ፊት አስቀመጠችና እሷም ሰዓቱን ታይ ጀመር።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አገርነሽ ተነሥታ አማተበች፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች፤ ከዚያ ፕሪሙን በላች። በሕይወቷ እንዲያ ያለ ፍሬ አልቀመሰችም። ቀና ስትል ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ፖሊሱ እንዳያያት ጀርባዋን ሰጥታ፣ እሷም እያማተበች ነው። ከዚያ ጣቷን በራሷ ደረት ላይ አድርጋ «ማሪያ» አለች።

«ማርያም!» አለች አገርነሽ። እንባዋን ያን ጊዜ መያዝ አልቻለችም፤ ይህን ሁሉ ሰዓት ስትከለክለው የኖረችው ሁሉ ወረደ። ሴትዮዋም የሚያስለቅሳትን ነገር ሳታውቅ አብራ አለቀሰች።

ደሞዝ ከሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ፣ የመመለሻ ባቡር ጠብቆ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየሮጠ መጣና ፓስፖርቶቹን ለፖሊሱ አሳየ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ጢሙ ላይ አሁንም በሶ አለ። ውዴን አቅፎ ወደ አገርነሽ ዞረ።

«ለምን ወረድሽ? ጠብቁኝ አላልሁሽም?»

«ልጅቷን ሽንት አጣደፋት።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«አንተማ ዱቄት ስትቅም አየሁህ።»

ደሞዝ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ መድረኩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ከጉልበቷ ላይ ጣለ። አገርነሽ በሰው ፊት ነውና ልታነሣው ፈለገች፤ መልሳ ግን ተወችው፤ ጢሙ ላይ ያለውን በሶ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ማሪያ ፊሽካዋን ነፍታ የሚሄደውን ባቡር ለእነሱ ስትል ሁለት ደቂቃ አቆየችው።

ባቡሩ ውስጥ ደሞዝ የእሷንና የውዴን ፓስፖርት አወጣና «ከእንግዲህ አንቺው ያዥው፤ እንደዚህ ያለ ነገር እንዳይደርስብን» አለ። እሱ እንቅልፍ ሲወስደው አገርነሽ ፓስፖርቷን ገለጠች፤ ያን ያህል ወር የሮጠችለትን ወረቀት በደንብ ልታየው ብላ። ከመሀሉ አንዲት የተጣጠፈች ወረቀት ወደቀች። ከላይ በፈረንጅ ፊደል አድራሻና የስልክ ቁጥር፣ ከታች በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ቡዳፔስት ስትደርሱ ለሰውየው ሐሙስ ቀን በዚህ ቁጥር ይደወልለት። ቪዛውን ይጨርሳል። ቪየና እኔ እቀበላችኋለሁ። ዕቃ አታብዙ። አበራ።»

አበራን ታውቀዋለች። ከደሞዝ ጋር አብሮ ለትምህርት የሄደና ባለፈው ዓመት ወደ ምዕራብ ጠፋ የተባለ ሰው ነው። ወረቀቷን እንደ ነበረች አጥፋ ከመቀነቷ ቋጠረቻት፤ ፕራግ እስኪገቡም ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

ፕራግ እስከ ረቡዕ ማታ ቆዩ። የከተማዋን ማማር አገርነሽ አልካደችም። ሐውልት ግራና ቀኝ በተሰለፈበት የድንጋይ ድልድይ ላይ ተሻገሩ፤ በየሰዓቱ ሐዋርያት በመስኮት ብቅ የሚሉበትን ትልቁን የግድግዳ ሰዓት አዩ፤ ውዴ ጴጥሮስን ለይታ ካላወቅሁ ብላ ለሦስት ሰዓት ያህል ሰው ሁሉ ሲመጣና ሲሄድ እዚያው አቆመቻቸው። ያ ረቡዕ ቡሄ ነበር። አገርነሽ ከአንድ ዳቦ ቤት ትንንሽ ሞላላ ዳቦ ገዝታ «ይኸው ሙልሙልሽ» ብላ ለውዴ ሰጠቻት። አንበሳሜ ላይ አምባቸው ይህን ጊዜ ጅራፍ እያጮኸ፣ ከቤት ቤት ሆያ ሆዬ እያለ ይሆናል። ደሞዝ አብያተ ክርስቲያኑን፣ የነገሥታቱን ግቢ፣ የትኛው በስንት ዓመት እንደ ተሠራ ይነግራታል። ድሮ ሐይቁ ላይ የየደሴቱን ገዳም እየጠቆመ ሲነግራት እንደነበረው ድምፁ ይለሰልሳል። ትወደዋለች። ስለዚህም ይሆናል ወረቀቷ የከበደቻት። አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ይነግረኛል እያለች ጠበቀች። እሱ ግን ዓይኑን ከዓይኗ ያሸሻል።

ቡዳፔስት ሐሙስ ማለዳ ገቡ። ከሰዓት በኋላ ከትልቁ ወንዝ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ውዴ ከፊታቸው እርግቦች ታባርራለች። አገርነሽ መቀነቷን ፈታች፤ ወረቀቷን አውጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች። «የምትደውለው መቼ ነው?»

ደሞዝ ወረቀቷን አየ። ለመካድ አልሞከረም። «እንዴት አገኘሻት?»

«ፓስፖርቴ ውስጥ ረስተሃት። ማንበብ እችል የለ?»

«ልነግርሽ ነበር፤ በየቀኑ ልነግርሽ ነበር። ድፍረት አጣሁ።» ከዚያ ያላለው የለም። ትምህርታቸውን ጨርሰው በተመለሱት የሆነውን፣ በስብሰባ የሚባክነውን ዕድሜ፣ የጦርነቱን አለማለቅ ዘረዘረ። «አምባቸውን በቀይ መስቀል በኩል እናስመጣዋለን፤ አበራ ጠይቋል። እዚያ ከቀረን ግን፣ አገሬ፣ ሦስት ዓመት አይቆይም፣ ወታደር ያደርጉታል። ይህን አስቢ።»

«ልጄን ቀይ መስቀል አልወለደውም» አለች። «ወታደር ይሆናል ብዬ ዛሬ ልጣለው? ደግሞ ጋሼ አካሉ ስድስት ልጅ አላቸው። እጃቸውን ይዤ አላስፈረምኋቸውም፤ አምነው ነው የፈረሙልኝ። እኔ ቪየና ገብቼ ቡና ስጠጣ እሳቸው ከእስር ቤት ይተኙ?»

ደሞዝ ወረቀቷን አጠፈ። አገርነሽ እጁን ያዘችው፤ በሰው ፊት ነበር፤ ረሳችው።

«አንተን ግን አላስርህም። ዋስ የጠራሁት ለራሴ ነው። ልብህ እዚህ ከሆነ ቅር። ለልጆቹ አባታችሁ ሠርቶ ይልካል እላቸዋለሁ። በክፉ አላነሣህም።»

በማግሥቱ ማለዳ ከእንቅልፏ ስትነሣ ደሞዝ አልጋው ላይ የለም። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ነሐሴ 15። አገርነሽ ውዴን አጥባ፣ ፀጉሯን ሠርታ፣ ሻንጣ አስተካክላ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። ባቡራቸው የሚነሣው አራት ሰዓት ላይ ነው። ደሞዝ ባይመጣ ወደ ጣቢያው በየት በኩል እንደሚኬድ በልቧ መንገዱን ትቆጥር ጀመር፤ ድልድዩን፣ ቢጫውን ሕንጻ፣ ሐዲዱን። ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ። ደሞዝ ብብቱ ሥር ዳቦ፣ በወረቀት የተጠቀለለ አይብና እንቁላል ይዟል።

«ነገ ፍልሰታ ይፈታል» አለ። «ባቡር ላይ ብትሆኚም እንድትፈቺበት ብዬ ነው።»

«ሰውየውን አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ምን አልኸው?»

«የተቀጠርነው ባሕር ዳር ካለ ሰው ጋር ነው አልሁት።»

ቅዳሜ ጠዋት ከድሬስደን ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ፆማቸውን ፈቱ። ደሞዝ እንቁላሉን ልጦ ለአገርነሽ ሲያጎርሳት የሚያልፉት ሰዎች ዞር እያሉ ያዩ ነበር።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። እሱ ፈተናው እስከ ጥቅምት ይቆያል፤ እሷ ከልጇ ጋር በነሐሴ መጨረሻ ትመለሳለች። በርሊን ሲሸኛት እጠብቅሃለሁም፣ ናም አላለችውም። ቡዳፔስት ያለችውን ብላለችና። ባሕር ዳር ስትገባ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሄዳ አቶ አካሉ ፊት ቆመች። «መጣሁ» አለች። እሳቸውም «የማታ ፈረቃ ነሽ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ግን ያን ቀን ሻይ ቤት ገብተው የማያውቁትን ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዙ አሉ።

መስከረም አለፈ። ከደሞዝ አንድ አጭር ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ጠፋ። ቀበሌ ጠርተው «ባልሽ የት ነው?» አሏት። «ፈተና ላይ ነው» አለች። ጎረቤቶቿ እነውዴ ያዩትን ለመስማት ሲመጡ ስለ ማሪያና ስለ ፕሪሙ ታወራላቸዋለች፤ ስለ ቡዳፔስት ግን «ወንዙ ሰፊ ነው» ከማለት በቀር አልተነፈሰችም። አምባቸው የጎማውን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጽፎ ሲያበቃ «አባቴስ?» አላት። «ይመጣ ይሆናል» አለችው። ልጇን ዋሽታ አታውቅም።

ጥቅምት 21 ቀን፣ ከጧት ፈረቃ ሲወጡ፣ ከበሩ ላይ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል። የባሕር ዳር ፀሐይ ያን ካፖርት ስላላወቀችው ላቡ ይንቆረቆራል። ሴቶቹ ቀድመው አዩትና እልልታውን አቀለጡት። አገርነሽ ካለችበት ቆመች። እሱ ነው የመጣላት።

«ምነው ደብዳቤ አልጻፍህ?» አለችው።

«እመጣለሁ ብዬ ጽፌ ልቤ ቢመለስስ ብዬ ፈራሁ» አለ። ከዚህ በላይ አልተጠያየቁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ ደሞዝን ትክክል አላደረገውም፣ ስህተትም አላደረገውም። ሐይቁ ላይ ጀልባዎቹን መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ በብልሃት ያንቀሳቅስ ነበር። ቤቱ ሲገባ ሸሚዙን ራሱ ያጥባል፤ ጎረቤት ቢስቅበትም አይተውም። በ1982 ግን ያ የፈራው ነገር መጣ። ጦርነቱ ተቃርቦ የልጆች አፈሳው በረታ፤ ከአምባቸው ክፍል አራት ልጆች በአንድ ሳምንት ተወሰዱ። አምባቸው አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።

ደሞዝ ልጁን በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ያወጣው። ቱታ አልብሶ ፊቱን በግራሶ ለቅልቆ «ቁልፉን አቀብለኝ! አንተ ደንቆሮ!» እያለ በወደቡ ጠባቂዎች ፊት እየተቆጣው ወደ ጀልባዋ ሞተር ክፍል አስገባው። ደቅ ደሴት ላይ አገኘሁ የሚባል ገበሬ ወዳጅ አለው፤ እዚያ አስጠግቶት ተመለሰ። ማምሻውን ቤት ገብቶ ከአገርነሽ አጠገብ ተቀመጠ።

«ያን ጊዜ ብንሄድ ኖሮ» አለችው እሷ ቀድማ፣ «ይህ አይደርስብንም ነበር። ልትለኝ ትችላለህ። መብትህ ነው።»

ደሞዝ ግራሶውን ከእጁ ጠረገ። «አልቆጭም ብዬ አልዋሽሽም» አለ። «እቆጫለሁ። ግን ያኔ የምትሄጂ ሴት ብትሆኚ ኖሮ እኔም አልከተልሽም ነበር።»

አምባቸው ደሴቲቱ ላይ ከዓመት በላይ ኖረ። ደሞዝ በሳምንት አንድ ቀን ጀልባው ወደዚያ ሲሄድ ያየዋል፤ እሷ መሄድ አትችልም፣ ይነቃባታል። ዳጉሳ ማረምና ታንኳ መቅዘፍ እንደ ለመደ፣ ለአገኘሁም ልጆች ፊደል እንደሚያስቆጥር ይነግራታል። በ1983 የካቲት ማለቂያ የመንግሥት ጦር ባሕር ዳርን ለቅቆ ሲወጣ እነአገርነሽ ሦስት ቀን ከቤት ሳይወጡ ቆዩ። ከዚያ ነገሩ ረጋ፤ ጀልባዎቹም እንደገና ተንቀሳቀሱ።

መጋቢት ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ አገርነሽ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ከበሩ ወዲያ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?» የሚል ወፍራም የወንድ ድምፅ ሰማች። የገጠር ሰው መሰላት። «ይግቡ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለች እጇን እየጠረገች። በሩ ተከፈተና ከእሷ ራስ በላይ የረዘመ፣ ትከሻው ላይ መቅዘፊያ ያነገተ ጎረምሳ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከፊቷ ቆመ፤ «እማ፣ አላወቅሽኝም?» አላት።